ሁለቱ ትንንሽ ሞተሮች፦ በሞኖስፓር ላይ ለተጻፈው ትችት የተሰጠ ምላሽ

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝ አገር ስለተሠሩት ባለሁለት ሞተር ትንንሽ የጉዞ አውሮፕላኖች ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ወጥቷል። የትችቱ ዋና ዒላማ የጄኔራል ኤርክራፍት ኩባንያ ሞኖስፓር ናት። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አንድ ትልቅ ሞተር ይበቃ ነበር፤ ሁለተኛው የሀብታም ልብ ማሳረፊያ ነው። አንዱ ሞተር ሲቆም ሌላው እስከ መውደቂያው ቦታ ከማድረስ ያለፈ ጥቅም የለውም። በአንድ ምሰሶ (በክንፉ ውስጥ በርዝመቱ በሚሄድ ዋና ደጋፊ) የቆመው ክንፍ ክብደት ለመቀነስ የተገባ ቁማር ነው። መንታው ጅራት ፋሽን፣ በበረራ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚገባ ተጣጣፊ ጎማ አለመግጠም ደግሞ ስንፍና ነው። የኩባንያው ትልቅ አውሮፕላን የክሮይደን መጥፋት ይህን ሁሉ አረጋግጧል፤ እውነተኛዋን ባለሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን የሠሩት አሜሪካኖች ናቸው። ይህን ሁሉ ብለው ሲያበቁ ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ዞር ይሉና፣ ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. እነዚህ አውሮፕላኖች ቢኖሯት ኖሮ ቁስለኛን በተራሮቿ መካከል ያለ ስጋት ታመላልስ ነበር ይላሉ።

ጥቂቱ ልክ ነው። አብዛኛው ግን ስሌት ሳይሠራ የተጻፈ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ከ1928ቱ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ ትልቅ ሞተር ይበቃ ነበር»

ለመሆኑ በ1932 የትኛው ትልቅ ሞተር? በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ሞኖስፓር ኤስ.ቲ.-4 አራት ሰው የምትይዝ፣ ክንፏ ከታች የሆነ፣ ሙሉ ክብደቷ 1,157 ኪሎ ገደማ የሆነ አውሮፕላን ናት። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን በገበያው ላይ ከነበሩት ዋነኛው የዲ ሃቪላንድ ጂፕሲ ሜጀር ነበር፦ 4 ሲሊንደር፣ 6.1 ሊትር፣ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 140 ኪሎ ገደማ። ከዚያ በላይ ጉልበት የፈለገ ሰው ወደ ትልልቆቹ ባለክብ ሞተሮች ይሄዳል፤ እነሱ ደግሞ ከክብደታቸው ሌላ የፊት ስፋታቸው ብቻ የአብራሪውን እይታ ይከልላል።

ኤስ.ቲ.-4 ላይ የተገጠመው ፖብጆይ አር ግን ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። 7 ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ስፋት 77 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 87 ሚሊ ሜትር ነው። ሲደመር 2.8 ሊትር፣ ማለትም ከጂፕሲ ሜጀር ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጉልበቱ 85፣ ክብደቱ ከ60 እስከ 70 ኪሎ መካከል። ሁለቱ ፖብጆዮች በአንድ ላይ አንድ ጂፕሲ ሜጀር ያህል ይመዝናሉ፤ የሚሰጡት ግን 130 ሳይሆን 170 የፈረስ ጉልበት ነው። ማቀፊያው፣ የነዳጅ ቧንቧው፣ ሁለተኛው ፕሮፔለርና ሽፋኑ ሲጨመር ትርፉ እንደሚቀንስ እሙን ነው፤ ሆኖም ጸሐፊው እንዳሉት ሁለተኛው ሞተር «ከላይ የተጫነ ሸክም» አልነበረም። ጉልበቱን በዚያ ክብደት ለማግኘት ከነበሩት መንገዶች አንዱና ምናልባትም ርካሹ ይኸው ነበር።

ምሥጢሩ ማርሹ ላይ ነው። ትንሽ ሞተር ብዙ ጉልበት የሚሰጠው በፍጥነት ሲሽከረከር ብቻ ነው፤ ፕሮፔለር ደግሞ በዝግታ ሲዞር ነው አየሩን በደንብ የሚይዘው። ፖብጆይ ሁለቱን በ0.47 ለ1 ማርሽ አስታረቃቸው። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ 1,410 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከሞተሩ መሃል ከፍ ብሎ የተቀመጠውም በዚህ ማርሽ ምክንያት ነው።

ጸሐፊው ሊተቹት ይገባ የነበረውን ግን አልነኩትም፤ ጥገናውን ማለታችን ነው። ጂፕሲ ሜጀር 8 ካንዴላ አለው፤ ሁለት ፖብጆይ 28። አራት ሲሊንደር በአሥራ አራት፣ ሁለት ማግኔቶ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ) በአራት ተተካ። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከል የሁለት ሰዓት ሥራ የነበረው የግማሽ ቀን ይሆናል። በክብ ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ፦ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይት በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት አይታመቅም። ጠዋት መካኒኩ ሳያጣራ ቢያስነሳው የፒስተኑ ዘንግ ይጎብጣል፤ ያ ቀን ባይሰበር እንኳ ሌላ ቀን በአየር ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያው መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ግድ ነው። በፖብጆይ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ይበቃል፣ ምክንያቱም በማርሹ የተነሳ ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ክራንክ ሻፍቱ ከሁለት ጊዜ በላይ ስለሚዞር ሰባቱም ሲሊንደሮች በመታመቅ ደረጃ ያልፋሉ። መንገድ ላይ ድርቅ ብሎ ከቆመ አይገፋም፣ ወደ ኋላም አይዞርም፤ ወደ ኋላ ከተመለሰ ዘይቱ ወደ መሳቢያው ቧንቧ ይገባና ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። የታችኞቹን ካንዴላዎች ፈቶ ማፍሰስ ነው መፍትሔው። ይህ እንግዲህ በየጠዋቱ፣ ለሁለት ሞተር።

«ሁለተኛው ሞተር እስከ መውደቂያው ቦታ ያደርሳል»

ይህ አብራሪዎች ሲቀልዱበት የኖሩት አባባል ነው፤ ቀልድነቱ ደስ ይላል። ስሌቱን እንሥራውና እንየው።

ክብደት 1,157 ኪሎ። አንዱ ሞተር ቆሟል፤ የቆመው ፕሮፔለር በነፋስ እየተሽከረከረ አየር ይጎትታል፣ አውሮፕላኗም በትንሹ ጎኗን ሰጥታ ነው የምትሄደው። የማንሳትና የመጎተት ውድሩን (የማንሳት ኃይሉ ለአየሩ ጉተታ ሲካፈል) በዚህ ሁኔታ 8 ብንለው የአየሩ ጉተታ 145 ኪሎ ይሆናል። በሰዓት 112 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 31 ሜትር፣ ከፍታን ጠብቆ ለመብረር 60 የፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። በሕይወት ያለው ሞተር 85 ያወጣል ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ግን የፕሮፔለሩ ምላስ ቋሚ ስለሆነ በዝቅተኛ ፍጥነት ሙሉ ዙሩን አይደርስም፣ ስለዚህ 78 እንበል። ከዚያ ላይ ፕሮፔለሩ ወደ ግፊት የሚለውጠው በዚህ ፍጥነት 65 በመቶውን ቢሆን፣ አየር ላይ የሚደርሰው 51 የፈረስ ጉልበት ነው። 9 ጎደለ። ውጤቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ገደማ መውረድ ነው። ሰው ቀንሶ ወይም ነዳጅ ጨርሶ ለሚበር አብራሪ ጉድለቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ስለዚህ ጸሐፊው «ከፍታ አትጠብቅም» ሲሉ ሙሉ ጭነት ለያዘች አውሮፕላን ትክክል ናቸው። ከዚያ ያወጡት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው። ከ900 ሜትር ከፍታ ተነስተን እናነጻጽር። ባለአንድ ሞተሯ ሞተሯ ሲቆም በዚያው ውድር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንሸራታ ታርፋለች። ባለሁለቷ በ0.6 ሜትር እየወረደች 25 ደቂቃ ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 46 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የእንግሊዝና የፈረንሳይ ባሕር መሻገሪያ በጠባቡ ቦታ 34 ኪሎ ሜትር ነው። ባሕሩ መሃል ላይ ሞተር የቆመበት ሰው አንደኛው ውኃ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ያርፋል። የዚያ ዘመን የጉዞ አውሮፕላን ገዢ ከለንደን ወደ ፓሪስ የሚሻገር ሰው መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ሁለተኛው ሞተር የሸጠው ርቀትን ነው፤ መውጣትን ሸጦ አያውቅም።

ርቀቱ የሚገኘው ግን አብራሪው የሚገባውን ካደረገ ብቻ ነው። አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን ማዳን ይቀድማል። ከዚያ አውሮፕላኗ ወደ ቆመው ሞተር ስትዞር በእግር መያዝ፤ ሥራ የፈታው እግር ያለበት ጎን የቆመው ሞተር ጎን ነው። ወደሚሠራው ሞተር ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል። የቆመ የመሰለውን ሞተር ጋዝ ቀስ ብሎ መዝጋት፦ ምንም ለውጥ ካልመጣ ትክክለኛው እሱ ነው፣ ነዳጁና ማግኔቶው ይጠፋል። አውሮፕላኗ ይበልጥ ከዋለለች ግን ሊጠፋ የነበረው ደህናው ነበር። ከሜዳ ሲነሱ፣ ገና ዝቅ ብለው ሳለ ከቆመ ግን ሁለቱንም ጋዝ ዘግቶ ፊት ለፊት ማረፍ ይሻላል። ሙሉ ጋዝ ይዞ አፍንጫን ወደ ላይ የሳበ ሰው፣ ራደሩ (ጅራቱ ላይ ያለው የአቅጣጫ መሪ) አየር ያጣና አውሮፕላኗ በጀርባዋ ትገለበጣለች። ጸሐፊው የሞት ምሳሌ ብለው የሚያስቡት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ላይ ገዳዩ የጎደለው ፍጥነት ነው።

«መንታው ጅራት ፋሽን ነበር»

ከላይ ያለውን ያነበበ ሰው መልሱን ገምቶታል። በ1935 የወጣችው ኤስ.ቲ.-25፣ በንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የብር ኢዮቤልዩ ስም ጁቢሊ የተባለችው፣ አንድ ቋሚ ጅራት ነበራት። ቀጥላ የመጣችው ደ ሉክስ ጅራቷ ተለቀ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሳል የተባለችው በሁለት ጅራትና በሁለት ራደር ተሠራች። አንድ ፋብሪካ በአጭር ጊዜ ውስጥ አንድን ክፍል ሁለት ጊዜ ሲለውጥ ለውበት ብሎ አይደለም፤ ጅራት መለወጥ ማለት አዲስ መሥሪያ ቅርጽ፣ አዲስ ሽቦ፣ አዲስ የበረራ ሙከራ ነው። መሃል ላይ የቆመ አንድ ጅራት ከሁለቱም ፕሮፔለሮች ነፋስ ውጭ ነው፣ ስለዚህ በዝግታ በሚበርበት ጊዜ፣ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ደካማ ነው። ወደ ዳር የወጡት ራደሮች ግን አንደኛው ሁልጊዜ በሚሠራው ሞተር ነፋስ አካባቢ ይሆናል።

«የአንድ ምሰሶ ቁማር»

እዚህ ላይ ጸሐፊው መሠረታዊውን ነገር ስተዋል። ሄልሙት ስቲገር፣ እንግሊዝ አገር በቤርድሞር ኩባንያ የሠራ የስዊዝ መሐንዲስ፣ ከክንፉ አንድ ምሰሶ አውጥቶ አልጣለም፤ የሁለቱን ምሰሶዎች ሥራ ለየ እንጂ። በተለመደው የጨርቅ ክንፍ የፊትና የኋላ ምሰሶ መታጠፍንም መጠምዘዝንም አብረው ይሸከማሉ። አውሮፕላን ፍጥነት ስትጨምር የማንሳት ኃይሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የኋላው ምሰሶ ከፊተኛው ይልቅ ይጎብጣል፣ ክንፉ ይጠመዘዛል፣ መጠምዘዙ ደግሞ ጭነቱን ያባብሰዋል። ሁለቱም ምሰሶዎች ለክፉው ቀን ታስበው ስለሚወፍሩ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ብረት ተሸክሞ መብረር ነው።

በስቲገር ክንፍ ውስጥ አንድ ጥልቀት ያለው የዱራሉሚን (የአሉሚኒየም ቅይጥ) ምሰሶ፣ በዚግዛግ የተያያዘ፣ መታጠፍን ብቻ ይይዛል። መጠምዘዙን የሚይዙት ከምሰሶው ተነስተው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጠርዝ በፒራሚድ ቅርጽ የተወጠሩ ዘንጎች ናቸው፤ ድንኳንን በካስማና በገመድ እንደማቆም ያለ ነገር። ቁማር ቢሆን ኖሮ የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር ለሙከራ ባላዘዘው፣ ግሎስተርም በ1931 ኤስ.ቲ.-3ን በሁለት ትንንሽ ሳልምሰን ሞተሮች ባልሠራት ነበር።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፣ ያውም ጨርቁ ሥር። ዘንጎቹ የሚሠሩት እኩል ሲወጠሩ ነው። አንዱ ከላላ ክንፉ በዚያ ጎን በጥቂቱ ይጠመዘዝና አውሮፕላኗ ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል ታዘነብላለች። አብራሪው ያንን በመሪ እየታገለ ለወራት ሊበር ይችላል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ አውሮፕላኗን በውኃ ልክ አስተካክሎ አቁሞ በግራና በቀኝ ክንፍ ተመሳሳይ ቦታ ላይ የክንፉን የዘንበል ማዕዘን መለካት፤ ከተለያየ ጨርቁ ተከፍቶ ዘንጉ ይታያል። በጨርቁ የታችኛው ጠርዝ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ወይም በቀለም ከተደፈኑ እርጥበቱ እዚያው ይቀራል፤ ዱራሉሚን ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል።

ክንፉ ወደ ኋላ መታጠፉን «የገበያ ማታለያ» ማለታቸውም አይገባንም። የሃንጋር ኪራይ የሚከፍል ሰው ከ12 ሜትር በላይ የሚዘረጋን ክንፍ አጥፎ ማስገባቱ በየወሩ ከኪሱ የሚቆጥብለት ገንዘብ አለ። ትኩረት የሚያስፈልገው ሲዘረጋ ነው፦ የማያያዣው ፒን እስከ መጨረሻው መግባቱና መቆለፉ በዓይንም በእጅም መታየት አለበት፤ ከዚያ መሪው ወደ ግራ ሲሳብ የግራው ክንፍ ጫፍ መቆጣጠሪያ ወደ ላይ መነሳቱ ይረጋገጣል። የፒኑ ቀዳዳ ተበልቶ ከሰፋ ክንፉን ከጫፉ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀንቁት ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል። የዚያን ቀን አይበረርም።

ተጣጣፊ ጎማ

ስንፍና የሚለው ቃል ለዚህ ኩባንያ አይሆንም፤ ሞክረውታል። በ1933 ኤስ.ቲ.-6ን በእጅ በሚታጠፍ ጎማ ሠሯት፤ በእንግሊዝ ከኤርስፒድ ኩሪየር ቀጥሎ መሆኑ ነው። በኋላም ኤስ.ቲ.-11ን ደገሙ። ወደ ቋሚው ጎማ የተመለሱት በሰዓት ወደ 210 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አውሮፕላን የሚገኘው ፍጥነት የመሣሪያውን ክብደትና ጥገናውን፣ እንዲሁም አብራሪው ረስቶት በሆዱ የማረፉን ዕድል ስለማያካክስ ነው። በ1934 የንጉሡን ዋንጫ የአየር ውድድር ያሸነፈችው ኤስ.ቲ.-10 ጎማዋ ቋሚ ነበር፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 216 ኪሎ ሜትር።

ክሮይደን

ኤስ.ቲ.-18 ክሮይደን አሥር ሰው የምትይዝ፣ በሁለት ዋስፕ ጁኒየር ሞተር የምትበር የዚሁ ኩባንያ ትልቅ አውሮፕላን ነበረች። በ1936 አውስትራሊያ ደርሳ ስትመለስ ከዳርዊን ተነስታ በቲሞር ባሕር ላይ አቅጣጫ ስታ ሴሪንጋፓታም በሚባል ኮራል ላይ አረፈች። ሰዎቹ ተረፉ፣ አውሮፕላኗ እዚያው ቀረች። የጠፋው መንገዱ ነው። ክንፉ አልተሰበረም፤ ጸሐፊው ይህን ለክንፉ ደካማነት ማስረጃ አድርገው ማቅረባቸው ከማስገረም አያልፍም።

አሜሪካኖች

የአሜሪካኖቹ ባለሁለት ሞተር ቢች 18 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በጥር 1937 ነው፤ ኤስ.ቲ.-4 ከበረረች አምስት ዓመት ሊሞላ ሲል። ደግሞም የእያንዳንዱ ሞተሯ ጉልበት ከ300 በላይ ስለሆነ የእነዚህ ትንንሾች ወገን አይደለችም። የእውነት ተፎካካሪ ከተፈለገ በነሐሴ 1935 የበረረችው የዲ ሃቪላንድ ድራጎንፍላይ አለች፦ አምስት ሰው፣ ሁለት ጂፕሲ ሜጀር፣ አካሏ በኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ክንፏ ግን ገና ድርብ። በሥራ ቁጥርም አይራራቁም፤ ድራጎንፍላይ ወደ 67፣ ኤስ.ቲ.-25 ወደ 59። ድራጎንፍላይ መሬት ላይ ስታርፍ ወደ ጎን የመዞር አመል እንደነበራት ብዙ ተብሏል፤ እሷን ጸሐፊው ለምን እንደዘለሏት አልገባንም።

የኢትዮጵያ ተራሮች

እዚህ ላይ ደግሞ ጸሐፊው አንቋሸው ሲያበቁ ከልክ በላይ አሞገሱ። ኤስ.ቲ.-25 ቃሬዛ የሚያስገባ ሰፊ በር ያላት የአምቡላንስ ዓይነት እንደነበራት እውነት ነው። ግን ከላይ የሠራነው ስሌት የባሕር ጠለል ስሌት ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር 79 በመቶውን ያህል ብቻ ነው የሚከብደው፤ አየር በመጭመቂያ የማይገባለት ሞተር ጉልበት ደግሞ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። ለመብረር የሚያስፈልገው ጉልበት በአንጻሩ በ13 በመቶ ይጨምራል። ለኤስ.ቲ.-4 51 የነበረው 39 ይሆናል፣ 60 የነበረው 68። ጉድለቱ 29 የፈረስ ጉልበት፣ መውረዱም በሰከንድ 1.9 ሜትር። የኤስ.ቲ.-25 ሞተር፣ ፖብጆይ ናያጋራ፣ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ቢጨምርም ሙሉ ክብደቷም ወደ 1,300 ኪሎ ስለተጠጋ ሒሳቡ አይቀየርም። ከመሬቱ በ600 ሜትር ብልጫ ለሚበር ሰው ይህ ማለት አምስት ደቂቃ ከሩብ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጭኑ አየር ፍጥነቱ ትንሽ ስለሚጨምር። ያውም ከፊት ያለው ተራራ ዝቅ ካለ።

በ1928ቱ የጣሊያን ጦርነት ወቅት የስዊድን ቀይ መስቀል ይዞት የመጣው፣ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ያበረረው ሃይንክል አምቡላንስ ባለአንድ ሞተር ነበር። ሁለት ፖብጆይ ለዚያ አገር የሚሆኑት ቃሬዛውንና አንድ ረዳት ብቻ ይዘው፣ ነዳጅ በግማሽ ቀንሰው፣ አየሩ ገና ሳይሞቅ በማለዳ ከተነሱ ነው። ጠፍጣፋው አፋር ላይ ከሆነ ግን ሙሉ ጭነት ይዘውም ይሠራሉ።